ከድጡ ወደ ማጡ

በአንደኛው ዓመት የፊዚክስ ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ወጥቶ ነበር። አንድ ጡብ በሰፊው ጎኑ ተኝቶ ቢጎተትና ያው ጡብ በጠባቡ ጎኑ ቆሞ ቢጎተት፣ ሰበቃው የሚበረታው በየትኛው ጊዜ ነው? ከሦስታችን ሁለታችን «በሰፊው» ብለን መለስን። ሦስተኛችን «እኩል ነው» ብሎ ማርኩን አገኘ። ማርኩን ያገኘው ነገሩ ገብቶት እንዳይመስላችሁ፤ ማስታወሻውን ሸምድዶ ነው። ለምን እኩል እንደሚሆን ብንጠይቀው «ሕጉ ነዋ!» አለን። እኛም ሕግ ከሆነማ ምን ይደረጋል ብለን ዝም አልን። ደብተሩ ተዘጋ፤ ክረምት ገባ፤ አገር ቤት ገባን።

ያንን ደብተር እንደገና ያስከፈተን አንድ ቁልቁለት ነው። ዛሬ የምናወራችሁ ስለ እሱ ነው።

እኛ የንፋስ መውጫ ልጆች ነን። አገራችንን ለማያውቃት፣ ላይ ጋይንት ውስጥ ነች። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውና ቻይናዎች ስለሠሩት ሰዉ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና በመካከሏ ያልፋል። ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ስሟን ያወጣላት ሰው አልዋሸም። ነሐሴ ላይ ከቤት ያለ ጋቢ የሚወጣ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ተማሪ ነው። የሚያኖረን ገብስና ድንች ነው። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ገጠሩ የሚዘልቅ ሰው ደግሞ በክረምት ሁለት ነገር ይቀበለዋል፤ ድጥና ማጥ።

«ከድጡ ወደ ማጡ» የምንለውን ተረት ሁላችንም በአፋችን እናመላልሰዋለን እንጂ ልብ ብለን አይተነው አናውቅም። ድጥ እግር የማይዝ መሬት ነው። ማጥ ደግሞ የያዘውን እግር የማይለቅ መሬት ነው። አንደኛው ሰበቃ የነሣን፣ ሁለተኛው መያዙን ያበዛብን ነው። የአገራችን እግረኛ ሲወጣም ሲወርድም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቦታ ፈልጎ ነው የሚራመደው። የሚራመድበትን ያውቃል፤ እኛ ግን ፊዚክስ ተምረን አላወቅነውም ነበር።

ነገሩ የሆነው በፍልሰታ ጾም ነው። የአንዳችን አክስት ከዋናው መንገድ በላይ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል ዳገት ወጥቶ በሚገኝ መንደር ትኖራለች። እሷን ልንጠይቅ ወጥተን እዚያው አደርን። ሌሊቱን ከጎረቤት ቤት ጩኸት ስንሰማ አደርን። ምጥ የያዛት ሴት ነበረች፤ ሁለተኛ ሌሊቷ ነው። ገና ወፍ ሳይንጫጫ ወንዶቹ ተሰበሰቡ። ሁለት አጣና ተቆረጠ፤ በመካከሉ ጠፍር ተጠላልፎ ጋቢ ተነጠፈበትና ቃሬዛ ሆነ። ስልክ ተደውሎ መኪና ተጠርቷል፤ መኪናው ግን እስከ ዋናው መንገድ እንጂ ከዚያ ወዲህ አይወጣም። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር፤ ሲነጋም ካፊያው አላቋረጠም።

እኛ ጎረምሶች ነንና ቀድመን ትከሻችንን ሰጠን። ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ትከሻቸው ላይ የተጠቀለለ መጫኛ አንግተዋል። ያንን የአህያ ጭነት ማሰሪያ ጠፍር ለምን እንደያዙት አልጠየቅንም። እሳቸው ግን እግራችንን አዩና «ልጆቼ፣ ይኸን ነገር አውልቁት» አሉን። ያደረግነው ሸራ ጫማ ነበር፤ በግቢው አስፋልት ላይ ዓመት ሙሉ ተመላልሰንበት የታችኛው ፊቱ እንደ ምጣድ ለስልሷል። እርስ በርሳችን ተያየን። ጎማ እኮ ነው! በመጽሐፋችን ጀርባ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ከፍተኛውን ቁጥር ከያዙት አንዱ ጎማ ነው። ባዶ እግር የሚባል ነገር በሠንጠረዡ ላይ ጭራሹን የለም። «ግድ የለም አባባ» አልናቸው።

ሁለት መቶ እርምጃ አልሄድንም። ከፊት የነበረው ጓደኛችን እግሩ ከሥሩ ሄደበት፤ በጉልበቱ ወደቀ፤ ቃሬዛው በአንድ ወገን አጋደለ። ሴትዮዋ «ማርያም! ማርያም!» ብላ ጮኸች። ከጎን ያሉት ገበሬዎች አጣናውን አፈፍ አድርገው ያዙት እንጂ በዚያች ደቂቃ የሚሆነውን እናንተው አስቡት። የተቆጣን የለም፤ የተቆጣን ባለመኖሩ ይበልጥ አፈርን። ጫማችንን አውልቀን፣ በማሠሪያው አስረን አንገታችን ላይ አንጠለጠልነው፤ ጉዟችንንም ቀጠልን።

ስሕተታችን የት ላይ ነበር? ያ የሠንጠረዥ ቁጥር የጎማ ቁጥር አልነበረም። የጎማና የደረቅ አስፋልት ቁጥር ነው። ሰበቃ የአንድ ነገር ጠባይ አይደለም፤ የሁለት ገጾች ጉዳይ ነው። «ጎማ ስንት ሰበቃ አለው?» ብሎ መጠየቅ «እገሌ ስንት ጋብቻ አለው?» እንደማለት ነው፤ ከማን ጋር ሳይባል መልስ የለውም። ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ 0.7 ወይም 0.8 ያህል ሊሆን ይችላል። ያው ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ ወደ 0.4 ወይም 0.5 ይወርዳል። በበረዶ ላይ 0.1 አካባቢ ይደርሳል። በራሰ ዋልካ ላይም እጅግ ያንሳል። ምክንያቱም በእግርና በመሬት መካከል ሦስተኛ እንግዳ ገብቷል፤ ውኃ። ውኃና ረቂቅ ጭቃ እንደ ቅባት ሆነው ሁለቱን ገጾች ይለያዩአቸዋል። የጫማና የመኪና ጎማ ጥርስ የሚወጣለትም ለጌጥ ሳይሆን ውኃው የሚሸሽበት ቦይ እንዲያገኝ ነው። የእኛ ጫማ ቦዩ ተደፍኖ ነበር። ባዶ እግር ግን አውራ ጣቱን ቀስሮ ከላይኛው ድጥ ሥር ያለውን ጠንካራ አፈር ፈልጎ ይነክሳል። ይኸ እንኳ ሰበቃ ብቻ አይደለም፤ መቆንጠጥም አለበት። ገበሬዎቹ ደግሞ የተረገጠውን መንገድ ትተው በዳሩ ሣር ሣሩን ይሄዱ ነበር። እኛ መንገድ የተባለ ሁሉ ለመሄጃ የተሠራ መስሎን መሐል መሐሉን ነበር የያዝነው።

ታዲያ ትልቁ ቁልቁለት ገና ከፊታችን ነበር። ከመንገዱ በላይ አንድ ወንዝ ይወርዳል፤ ወደ እሱ የሚያወርደው ዳገት በአግድም አሥር ክንድ ሲኬድ አምስት ክንድ ያህል የሚጠልቅ ነው። በስተቀኝ ገደል አለ። ከላይ ቆመን ስናየው ልሙጥ ጥቁር ጭቃ ነው፤ እንኳን ሰው ተሸክሞ፣ ብቻን ሆኖ መውረዱ ያስፈራል።

እዚያ ጫፍ ላይ እንደቆምን፣ ታምኑን እንደሆነ፣ ክርክር ያዝን። አንደኛችን እንዲህ አለ፦ «ሰበቃ ከጭነት ጋር ይጨምራል። ሁለት ተጨማሪ ሰዎች ቃሬዛውን ይያዙ፤ ክብደቱ ሲበዛ መሬቱን ይበልጥ ይጫናል፤ ይበልጥ ይይዛል።» ሦስተኛው፣ ያው ማርኩን ያገኘው፣ አንገቱን ነቀነቀ። በሜዳ ላይ ቢሆን እውነት ነው፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ሰበቃውም እጥፍ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ግን ያው ክብደት ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ እጁ መሬቱን ይጫናል፤ በሌላ እጁ ወደ ታች ይስባል። ሁለቱም እኩል ስለሚያድጉ ወፍራሙም ቀጭኑም የሚንሸራተቱት በአንድ ዳገት ላይ ነው። አሥር ተሂዶ አምስት የሚጠልቅ ቁልቁለት 0.5 ይጠይቃል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ መቶ ሰው ቢሸከመው መቶውም አብሮ ይሄዳል። ደግሞም አንዴ መንሸራተት የጀመረ አይመለስም፤ ቆሞ ያለን ነገር የሚይዘው ሰበቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚንሸራተትን ነገር ከሚይዘው ይበልጣል። ስለዚህ ክፉው የመጀመሪያው ጣት ስትንሸራተት ነው።

በዚያ ቅጽበት እኛ የምናውቀው ይህን ያህል ነበር። ሁሉም ትክክል ነው። ሁሉም ግን ሴትዮዋን አንድ እርምጃ እንኳ አላወረዳትም።

ሽማግሌው መጫኛቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ሌላ ሰው ይዞት ከነበረው ጋር ቀጠሉት። አንዱን ጫፍ ከቃሬዛው በስተኋላ ካለው አጣና ጋር አሠሩ። በቁልቁለቱ አፍ ላይ አንድ ያረጀ ኮሶ ብቻውን ቆሟል፤ ጠፍሩን በግንዱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠሙት። የቀረውን ጫፍ ያስያዙት ለማን ይመስላችኋል? ተከትሎን ለመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት እረኛ ልጅ! «በል ያዝ። ልቀቅ ስልህ ታለቃለህ፤ ያዝ ስልህ ትይዛለህ» አሉት።

እንዲህ ሆነን ወረድን። አራት ሰው በባዶ እግር ቃሬዛውን ይዞ፣ አንድ ሰው ከፊት በዶማ እርግጫ እየቆፈረ፣ ሽማግሌው «ልቀቅ... ልቀቅ... ያዝ!» እያሉ፣ ጠፍሩ በኮሶው ልጥ ላይ ሲጥጥ እያለ። በመካከሉ ሁለታችን በአንድነት አንሸራተተን፤ ቃሬዛው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ቀና ብለን አየን። ልጁ በሁለት እጁ ሳይሆን በአንድ እጁ ነበር የያዘው፤ በሌላው አፍንጫውን ይጠርግ ነበር።

ይህንን በኋላ ወረቀት ላይ አስበነዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት ኦይለር የተባለው የሒሳብ ሊቅ ያወጣው ቀመር አለ። በግንድ ላይ የተጠመጠመ ገመድ በያንዳንዱ ዙር የሚይዘው ኃይል የሚደመር አይደለም፤ የሚባዛ ነው። የገመዱና የልጡ ቁጥር 0.3 ነው ብንል፣ አንዱ ዙር የያዡን ጉልበት ከስድስት እጥፍ በላይ ያደርግለታል። ሁለት ዙር ከአርባ እጥፍ በላይ ይሆናል። ቃሬዛው በ60 ኪሎ ክብደት ቢስብ እንኳ ልጁ የያዘው ከአንድ ኪሎ ተኩል ያነሰ ነው። እንግዲህ አፍንጫውን ቢጠርግ ምን ይገርማል? ይበልጥ የገረመን ግን በቀመሩ ውስጥ የግንዱ ውፍረት የለም፤ የጠፍሩም ስፋት የለም። ያለው የዙሩ ብዛትና ሁለቱ ነገሮች ምንና ምን መሆናቸው ነው። የጡቡ ጥያቄ ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ ማለት ነው።

ወንዙን ተሻግረን ትንፋሻችን ሲመለስ ሽማግሌውን ጠየቅናቸው። «ይኸን ከማን ተማሩት አባባ?»

«ወይፈን ሲገራ አላያችሁም?» አሉ። «ወይፈን በጉልበት ይያዛል እንዴ? በግንድ ነው እንጂ።» ጥቂት ዝም ብለው ሄዱና ደግሞ ወደ እኛ ሳያዩ፦ «አምና በዚህ ቁልቁለት ሌላ ወላድ አውርደን ነበር። አምና ገመድ አልያዝንም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅንም። የተሸከሙት ገበሬዎች ሁሉ አቀርቅረው ሲሄዱ አየን፤ ያ ይበቃናል።

መኪናው ቆሞ ጠበቀን። ሴትዮዋንና እናቷን አስገብተን ከእኛ አንዱ አብሮ ተሳፈረ። ሾፌሩ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያለ ሲወርድ ጓደኛችን ቸኮለበት። «ፍሬን አለህ አይደል፤ ንዳው እንጂ!» ቢለው «በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ጨጨሆን አይጨርስም» አለው። እውነቱን ነው። ፍሬን ማለት ሸራውን ከብረቱ ጋር ማፋተግ ነው፤ ፍትጊያ ደግሞ ሙቀት ይወልዳል። ሸራው ከመጠን ሲግል መያዙን ይተዋል፤ ያኔ ፔዳሉን ቢረግጡት የማይሰማ መኪና ይሆናል። ስለዚህ ዐዋቂ ሾፌር ቁልቁለቱን ለሞተሩ ይሰጥና ፍሬኑን ለክፉ ቀን ያስቀምጠዋል። የጋራዥ ሰዎች «ፍሪሲዮን» የሚሉት ዕቃ እንኳ ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ሰበቃ ማለት ነው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው እርስ በርስ ተጫጭነው የሚያያዙ ዲስኮች ስለሆኑ ነው። ሰበቃ ጠላታችን ብቻ ይመስለን ነበር፤ መኪና ግን የሚነሣውም የሚቆመውም በእሱ ነው።

ዝናቡንም አስቡ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ቁጥሩ 0.7 በሆነ ደረቅ መንገድ ላይ ፍሬን ከያዘ በኋላ 20 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ቁጥሩ ወደ 0.4 በወረደ እርጥብ መንገድ ላይ 35 ሜትር ይፈልጋል። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሾፌሩ ይህን በቁጥር አልነገረንም፤ በማርሹ ነገረን።

ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላ ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት። ማታ ወደ ቤት ስንገባ የአንዳችን እናት ወሬውን ሰምተው እልል አሉ፤ በነጋታውም ገንፎ አሠርተው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉ ሄዱ።

እኛ ግን እንቅልፍ እምቢ አለን። ያ «ሕጉ ነዋ!» የተባለው ነገር አሁን ቆረቆረን። በነጋታው አንድ ሳንቃ ፈለግን፤ ጡብ አመጣን። ጡቡን ሳንቃው ላይ አስቀምጠን አንዱን ጫፍ ቀስ በቀስ ከፍ አደረግነው። አግድሙ አሥር ስንዝር፣ ከፍታው አምስት ስንዝር ሲደርስ ጡቡ ተንሸራተተ። ከፍታውን ለአግድሙ ስናካፍል 0.5 ሆነ፤ የጡቡና የሳንቃው ቁጥር ይኸ ነው። እንዳይገለበጥ ርዝመቱን ወደ ቁልቁለቱ አድርገን በጠባቡ ጎኑ አቆምነው። ያው አምስት ስንዝር ላይ ሄደ። ሁለተኛ ጡብ ደርበን አሠርንበት። አሁንም አምስት ስንዝር! የሳሙና ውኃ ስናፈስበት ግን ሁለት ስንዝር እንኳ አልታገሠም።

ይህንን ያየነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በማስታወሻው ላይ ጽፎት ነበር። ፈረንሳዊው አሞንቶን በ1699 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሁለቱን ነገሮች አስታወቀ፤ ሰበቃ ከሚጫነው ኃይል ጋር አብሮ ያድጋል፣ ከሚነካኩት ገጾች ስፋት ጋር ግን አያድግም። ኩሎምብ በ1785 የቆመና የሚንሸራተት ነገር ሰበቃ የተለያየ መሆኑን አብራራ። «ለምን?» የሚለው ግን የተፈታው ቆይቶ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በካምብሪጅ ቦውደንና ቴበር የተባሉ ሰዎች እንዳሳዩት፣ ልሙጥ የምንለው ገጽ ሁሉ በረቂቁ ሲታይ ጉብታና ጎድጓዳ ነው። ሁለት ገጾች ሲገናኙ የሚነካኩት በጥቂት ጉብታዎች ጫፍ ብቻ ነው። በጠጠር ላይ የተቀመጠ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደማለት ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት መሬት ላይ የተኛ ይመስላል፤ የተሸከሙት ግን ጠጠሮቹ ናቸው። ጡቡ በሰፊው ጎኑ ሲተኛ ብዙ ጫፎች ጥቂት ጥቂት ይጫናሉ። በጠባቡ ሲቆም ጥቂት ጫፎች አብዝተው ይጫናሉ፤ ተጨፍልቀውም ይሰፋሉ። የእውነተኛው ንኪኪ ድምር ያው ነው። ጭነት ሲጨምር ግን እውነተኛው ንኪኪ ይጨምራል። ከዓይን የተሰወረው ስፋት ነው እንግዲህ የሚቆጠረው።

«አሃ!» አልን። ሦስተኛው ጓደኛችን ከሁላችንም በላይ ተደሰተ፤ ያገኘው ማርክ አሁን ገና ሐቁ ሆነለት።

ይህን ስንዘባርቅ እናቲቱ ገብስ ይፈትጉ ነበር። ገብሱ ለቆሎ ሲፈለግ ትንሽ ውኃ ይነካና በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ፍሬ ከፍሬ ተፋትጎ ልብሱን ይጥላል። ሰበቃን ፍትጊያ የምንለው ከዚሁ ነው። «ምንድነው እንዲህ የሚያንጫጫችሁ?» አሉን። «እማማ፣ ሁለት ነገር ሲተሻሽ መያዙን የሚያበረታው ምንድነው?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም የድንጋይ ወፍጯቸውን በአገጫቸው አሳዩን። «መጁን ስጫነው ይፈጫል። ወፍጮው ሲለሰልስ እወቅረዋለሁ፤ ያኔ ይይዛል። እርጥብ እህል ካገባሁበት ደግሞ ይለጥፍብኛል። ሌላ ምን አለው?» ጭነት፣ የገጾቹ ጠባይ፣ በመካከል የገባው ነገር፤ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። የጨመርንላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሻካራነት ሁልጊዜ ንጉሥ አይደለም፤ በጣም ልሙጥና ንጹሕ የሆኑ ሁለት መስተዋቶች ቢገናኙ እንደተጣበቁ ይቀራሉ። «እሱስ ምጣድና ሊጥም ይጣበቃል» ብለው ዘጉን።

ከዚያ በኋላ ያለውን አጭር እናደርገዋለን። የቀረችንን ዕረፍት ይዘን ወደዚያ ቁልቁለት ተመለስን። የመንደሩ ወጣቶችም አብረውን ዶማ ያዙ። መጀመሪያ ከዳገቱ በላይ ቦይ ቀደድን፤ ውኃው በመንገዱ መሐል መውረዱን ትቶ ወደ ጎን እንዲሄድ። ቀጥለን ደረጃ ጀመርን። ከወንዙ ያማሩ፣ የለሰለሱ ድንጋዮች መርጠን ደረደርን፤ በነጋታው ዘነበና የራሳችን ደረጃ ራሳችንን ጣለን! ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸ ነው። የወፍጮው ነገር ያን ጊዜ ትዝ አለን። መዶሻና መሮ ይዘን የያንዳንዱን ድንጋይ ፊት እንደ ወፍጮ ወቀርነው። ዘጠኝ ቀን ሠራን። አርባ ሦስት ደረጃ ሆነ። ከታች ወደ ወንዙ የሚያደርሰው ክፍል አልደረሰልንም፤ ትምህርት ተከፈተ።

ልንመለስ ስንል ሽማግሌውን ልንሰናበት ሄድን። በዚያውም ልባችን ሞልቶ ስለነበረ የኦይለርን ቀመር በእንጨት መሬት ላይ ጽፈን አስረዳናቸው። አንድ ዙር ስድስት፣ ሁለት ዙር አርባ፣ ሦስት ዙር ቢሆን ከሁለት መቶ ሰማንያ በላይ! በትዕግሥት ሰሙን። «እግዜር ይስጣችሁ፣ ደግ ነው» አሉን። ከዚያ መሬት ላይ የተጻፈውን ትንሽ አይተው ጠየቁን፦

«ታዲያ በዚያ ሌሊት ገመዱን ይዞ የሚወጣው ማነው?»

መልስ አጣን። እሳቸው ግን የእኛን መልስ ሳይጠብቁ ነገሩን ጨርሰውት ኖሯል። አሁን መጫኛው ለኮሶው ቅርብ በሆነው ቤት ጣራ ሥር ተሰቅሏል፤ ለአህያ አይውልም፤ ለበሬ አይውልም። ማንም ሰው ሌሊት መጥቶ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ያወርደዋል። የተቀሩት ደረጃዎችም ክረምቱን ይጠብቃሉ። ከእናንተ መካከል መዶሻ መያዝ የሚችል ካለ፣ በንፋስ መውጫ በኩል ይምጣ፤ ጋቢውን ግን እንዳይረሳ።